ምሕረት ብለህ የጠራሃት ሴት

የምሕረት አባት ሆይ፣

እንዲህ ብዬ ስጠራህ የመጀመሪያዬ ነው። በሕይወት ሳለህ «ስማ» ወይም «እስኪ ወዲህ በል» ነበር የምልህ። ጎረቤቱ፣ ተማሪው፣ ባለሱቁ ሁሉ በልጃችን ስም የምሕረት አባት ሲሉህ እኔ ብቻ ከንፈሬን ነክሼ ዝም እል ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገርኩህም። አንተም የምታውቀውን አልነገርከኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው፤ የኔን ልነግርህ፣ ያንተንም እንደደረስኩበት እንድታውቅ።

እንደምን ከረምክ ልልህ ፈልጌ ነበር። ካለህበት አገር ክረምት ይኑር አይኑር ማረጋገጫ ስለሌለኝ ተውኩት። ከተለያየን ሁለተኛው መስቀል አለፈ። የመጀመሪያው እንዴት እንዳለፈ አላስታውስም፤ ሰው አብልቶኛል፣ ሰው አልብሶኛል፣ እኔ አልነበርኩም። ዘንድሮ ግን ነበርኩ። መስቀልን አንጋጫ እናቴ ዘንድ ዋልኩና የሰማሁትን ሰምቼ ተመለስኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ያፈስ የነበረው የጓዳ ቆርቆሮ ተጠገነ። የጓሮው እንሰት ጥሩ ይዟል። የላይኛው ጎረቤታችን አጥሩን ወደኛ እየገፋ ይመስለኛል፤ ችካል ተክዬ ምልክት አድርጌ እየጠበቅኩት ነው። ብስክሌትህ እዚያው ግድግዳው ሥር ናት። አዲሱ የሳይንስ አስተማሪ ሊወስዳት ጠይቆኝ ነበር፤ ሰንሰለት የሌላትን ብስክሌት ለምን እንደፈለጋት ስላልገባኝ እምቢ አልኩት። እኔ አሁንም የእጅ ሥራ አስተምራለሁ። ሴቶቹ ይጠልፋሉ፣ ወንዶቹ በመስኮት ያሾፋሉ። አባቴ በበጋው አረፈ። ምናልባት ተገናኝታችሁ ይሆናል፤ ከተገናኛችሁ እዚያም እየሰበከህ ነው ማለት ነው።

ልጅህ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ስትስቅ አንተን፣ ስትቆጣ እኔን ትመስላለች ይላሉ፤ እኔ ግን ስትቆጣም አንተን ነው የማይባት።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ መናኸሪያ ሲገባ ጥሩንባው እቤት ድረስ ይሰማል። በተሰማ ቁጥር በሩን አያለሁ። ስትሞት አጠገብህ ነበርኩ፣ አፈር ሲመለስብህ ቆሜ አይቻለሁ፣ ቢሆንም አያለሁ። ታውቀኛለህ። «ቶማስ» ያልከኝ ያለ ነገር አልነበረም፤ ያየሁትን ነገር እንኳ ሁለት ጊዜ ሳልመረምር አላምንም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያነበው ግራ እንዳይገባው ከሥሩ እጀምራለሁ፤ አንተ የምታውቀውን ስደጋግም ታገሠኝ።

እኛ ከምባታዎች ባሊሻ የሚባል ነገር አለን። ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስማቸውን ብቻ አይደለም፣ ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትዘለዋለች፤ በቦታው ትርጉሙ ያው የሆነ ሌላ ቃል ታስገባለች። ያባትህ ስም በ«ደ» ራብዕ ይጀምራል። ከዚህ በላይ አልልም። ስለዚህ እናንተ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ለመብሉ ድፎ፣ ለመንገዱ አቀበት፣ ለችሎቱ ሰውዬ ፈራጅ እያልኩ ኖርኩ። ስማቸውንም በአፌ አላወጣሁትም፤ በዚህ ደብዳቤም ፈልገህ አታገኘውም።

የናንተ ሰዎች ከሰሜን የመጡ ናቸውና ይህን አያውቁትም። እህትህ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችብኝ። ያገሬ ሰዎች ራሳቸው ባሊሻ በቋንቋችን ነው እንጂ ባማርኛ አይያዝም ብለውኝ ነበር። እኔ ግን አባትህ ከምባትኛ አይሰሙም፣ በማይሰሙት ቋንቋ ባከብራቸው ለማን ነው ያከበርኩት አልኩ። አንተ አልሳቅህም። አማርኛ አስተማሪ አይደለህ፣ ተለዋጭ ቃል እየፈለግህ ታመጣልኝ ጀመር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትገባ ከበሩ ጀምረህ «አገኘሁልሽ!» እያልክ የመጣኸውን አልረሳውም። ሰው ለሚስቱ ሽቶ ያመጣል፤ አንተ ቃል ታመጣልኝ ነበር። ያን ጊዜ አልተጠራጠርኩህም።

የተጠራጠርኩህ ሲኒማው የመጣ ዕለት ነው።

ፈረንሳዮቹ ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና ትምህርት ቤታችን የላኩት፣ ፕሮጀክተርና ሞተር የጫነ መኪና ነበር። ዲሬክተሩ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ አስተማሪ አለኝ ብሎ በኩራት ተናገረ፤ አንተ በልጅነትህ አዲስ አበባ ፈረንሳዮች ትምህርት ቤት ስለተማርክ ማለቱ ነው። ነገሩ በትያትር ቤት የተጫወቱትን በካሜራ ያነሡት ጨዋታ ነው፣ ኦፔራ ይባላል፣ ሁሉም በዘፈን ነው ተባለ። በዘፈን ይጣላሉ፣ በዘፈን ይታረቃሉ፣ በዘፈን ይሞታሉ። አዳራሹን በቀን ለማጨለም ከየአስተማሪው ቤት ብርድ ልብስና ጋቢ ተለቅሞ መስኮቱ ላይ ተሰቀለ። ሸራ ስላልነበረ አንሶላ ገጣጥሜ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቸኩዬ ስለሰፋሁት ስፌቱ በመካከል አለፈ፤ ያቺ ዘፋኝ ፊት ለፊት ስትቆም ስፌቴ በግንባሯና በአፍንጫዋ ላይ ይወርድ ነበር። ጥሩ አደረግኩ እላለሁ ዛሬም።

አገረ ገዥው ከነባለቤታቸው ከፊት ተቀመጡ። እናቴ ለዓይኗ ሕክምና ከአንጋጫ መጥታ እኛ ዘንድ ከርማ ስለነበር፣ ለአማትህ ክብር ብለህ ከእርሳቸው ኋላ አስቀመጥካት። እኔ ከሴት አስተማሪዎቹ ጋር በጎን ነበርኩ። አንተ በዚያ የጥቁር ሰሌዳ ዘንግህ እየጠቆምክ ከሸራው አጠገብ ቆመህ ታስተረጉም ጀመር።

ታሪኩ ይኸው ነው። አንዲት ቆንጆ አንድ ድሀ ወታደር ትወዳለች። አባቷ ለልዑል ሊድራት ይፈልጋል። ልጅቷ አገባች ብለው ወታደሩን ይዋሹታል፤ እርሱም ዘምቶ ይሄዳል። እርሷ በሐዘን ታማ በሩ ላይ በረዶ ሲዘንብባት እርሱ ይመለሳል፣ በክንዱ ላይ ትሞታለች፣ እርሱም በገዛ ጎራዴው ላይ ይወድቃል። ይህን ሁሉ ዛሬ ስጽፈው አንድ ትንፋሽ ነው፤ ያን ቀን ግን ብዙ ተዘፈነ።

አንተ መጀመሪያ የሠራኸው ነገር ልዑሉን ነጋዴ ማድረግ ነበር። በአገረ ገዥው ፊት ክፉ ልዑል እንዴት ይተረጎማል? ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ዘውድ የደፋ ነጋዴ የት አገር ነው ያለው?» ብለው ጮኹ። አንተ ዓይንህን ሳትሰብር «በፈረንሳይ አገር» አልካቸው። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በሰው ሁሉ ፊት ልዑልን ከዘውዱ ላይ የሚያወርድ ሰው እቤቱ ገብቶ ለኔ ምን ይለኛል ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ወታደሩ ልጅቷን በስሟ ጠራት። «ክሌማንስ! ክሌማንስ!» እያለ ሸራዬን አናወጠው። ዘንግህ አየር ላይ ቀረ። ወደ ሰዉ አየህ፣ ቀስ ብለህም «ምሕረት እያለ ይጠራታል» አልክ። ከዚያ ወዲህ እስከ መጨረሻው እዚያ ሸራ ላይ ክሌማንስ በተባለች ቁጥር ካንተ አፍ ምሕረት ሆና ወጣች።

ይህን በልቤ መዘገብኩት። የሌላውን ስም ብትተረጉም አልጠረጥርህም ነበር። ወታደሩ ጉስታቭ ነበር፣ ጉስታቭ ሆኖ ቀረ። አባትየው አንሪ ነበር፣ አንሪ ሆኖ ቀረ። የእርሷ ስም ብቻ ለምን ተቀየረ?

መጨረሻዋ ሲደርስ በላይዋ ነጭ ነገር እየረገፈባት ረዥም ዘፈን ዘፈነች። ሰዉ ጥጥ ነው፣ ወረቀት ነው እያለ ተከራከረ። ስትወድቅ ግን ክርክሩ ቆመ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አወረዱ፤ ከኋላ አንዷ ዋይ አለች፣ ሌላዋ ተቀበለች፣ አዳራሹ ለቅሶ ቤት ሆነ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ አምርራ አለቀሰች። አንተን አየሁህ፤ ከአንሶላዬ የሚመለሰው ብርሃን ፊትህ ላይ ነበር፣ ዘንግ በያዝክበት እጅህ ጀርባ እንባህን ትጠርግ ነበር። እናትህ ሲሞቱ እንኳ እንዲያ አላለቀስክም።

ከዚያ ነዋ ጉዱ! መጋረጃው ወረደ፣ ተመልሶ ተከፈተ፣ ሟቿ ብድግ አለች። ከሟቹ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ወደ ፊት መጣችና እጅ ነሳች። አበባ ወረወሩላት፣ ፈገግ ብላ አነሳች። የሆሳዕና ሰው እንዲያ ሲናደድ አይቼ አላውቅም። እኚያው ሽማግሌ «ሳትሞት ነው እንዴ ያስለቀሳችሁን?» ብለው ዘንጋቸውን አነሱ። አንተ፣ ትያትር ነው፣ ተነስቶ እጅ መንሳት ሥርዓታቸው ነው እያልክ ለመንካቸው። ሰዉ በእንባው ተታለልኩ እያለ እያጉረመረመ ወጣ። እናቴ ግን ሴትየዋ ከተነሳች በኋላም ማልቀሷን አላቆመችም። ያን ጊዜ የዓይኗ ሕመም መሰለኝ።

በማግስቱ በአስተማሪዎች ክፍል ሻይ ስንጠጣ አብሮህ የተማረው የሒሳቡ መምህር ተክሌ ጀመረህ። «ክሌማንስን ምሕረት ያደረግካት ምነው? የአዲስ አበባዋ ትዝ ብላህ ነው?» አለና ሳቀ። አንተም ሳቅህ፤ ጆሮህ ግን ቀላ። «የትርጉም ነገር ነው» ብለህ ወደ ሌላ ወሬ አለፍክ።

የትርጉም ነገር ነው! ያን ቃል ስንት ዓመት እንዳላመጥኩት ብታውቅ።

ከዚያ ወዲህ ነገር ሁሉ ማስረጃ ሆነብኝ። ስትላጭ የዚያችን ዘፋኝ ዜማ ታንጎራጉራለህ፤ ጻፍኩብህ። ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ስትሄድ አዲስ ሸሚዝ ለበስክ፤ ጻፍኩብህ። አንጋጫ ስንሄድ ከእናቴ ጋር ጥግ ይዛችሁ ስታወሩ እኔ ስገባ ዝም ትላላችሁ፤ ይህንስ እናቴ ልትገስጽህ ነው ብዬ አለፍኩት። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ይባል የለ? እኔ ገንፎውን ትቼ ስንጥሩን ብቻ ስፈልግ ኖርኩ።

ከዚያ ልጃችን ተወለደች። እኔ ሣራ ልላት ነበር። አንተ ገና ሳትታጠብ ባሳየንህ ሰዓት «ምሕረት ናት» አልክ። እንዲያው ምሕረት ትሁን አላልክም፣ ናት አልክ። እናቴ ልታርሰኝ መጥታ ነበርና ወደ እርሷ ዞርኩ፤ እርሷ እንኳ ታግዘኛለች ስል «ከዚህ የሚበልጥ ስም የለም» ብላ አለቀሰች። እናቴም ካንተ ጋር አበረች። አራስ ነበርኩ፣ አቅም አልነበረኝም፣ ምሕረት ተባለች።

እኔ ግን አልጠራኋትም። ሚጡ አልኳት። ሰው ሁሉ የቁልምጫ መሰለው፤ አንተም ይመስለኛል። ቁልምጫ አልነበረም። የሆነች የአዲስ አበባ ሴት ስም በገዛ ልጄ ላይ ተለጥፎ እንዴት እጠራዋለሁ? ለክብር ስም የምዘል ሴት በንዴትም መዝለል አያቅተኝም። በልጄ ስም ላይ ባሊሻ ያዝኩ። የምሕረት አባት ብዬ ያልጠራሁህም ለዚያ ነው።

ለምን አልጠየቅሽኝም ትለኝ ይሆናል። ብጠይቅህ የምትመልሰውን አውቀው ነበር። የትርጉም ነገር ነው ትለኛለህ፣ ጆሮህም ይቀላል፣ ያኔ ጥርጣሬ መሆኑ ቀርቶ እውነት ይሆንብኛል። ጥርጣሬ ቢያንስ ግማሹ ተስፋ ነው።

ከዚያ ያ ሳል መጣ። እርሱን አልጽፈውም፤ አንተ ታውቀዋለህ።

የቀብርህ ዕለት ቄሱ የክርስትና ስሙ ማነው ብለው ሲጠይቁ ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። አውቀዋለሁ። አፌ ግን እምቢ አለ፤ እህትህ ተናገረችልኝ። በላይህ የተጣለውን ጨርቅ ስመለከት ቆየሁ። ያቺ ዘፋኝ ከሞተች በኋላ ተነስታ እጅ የነሳችው እፊቴ ድቅን አለ። የምቀልድ እንዳይመስልህ፣ ከልቤ ጠበቅኩህ። ነጠላዬን ገልጬ አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። ጨርቁ አልተንቀሳቀሰም። አንተ የሠራኸውን ሁሉ ስጠራጠር የኖርኩ ሴት፣ በዚያ ቀን ብቻ የምትዋሸኝ ብትሆን ምነው አልኩ።

እዚያ ድንኳን ውስጥ እናቴ በከምባትኛ አለቀሰችህ። ላማት በማይገባ ለቅሶ። ከሁሉ ግን አንድ ነገር ደጋግማ ትል ነበር፤ «ስሜን በሰው ፊት ያልጣልከው፣ ስሜን አክብረህ ያስቀመጥከው ልጄ።» የኔ ነገር ታውቀዋለህ፣ በሐዘኔም መካከል ጆሮዬ ቆመ። የምን ስም? እናቴን አገር የሚጠራት በታላቅ ወንድሜ የማርቆስ እናት ብሎ ነው። ከዚያ በፊት የነበራትን የቤት ስሟንም አውቀዋለሁ። አንተ የምን ስም ነው ያስቀመጥክላት?

ዓመት ሙሉ ይህን ተሸክሜ ዞርኩ። አባቴ በሕይወት ሳለ ስጠይቃት ወሬ ትለውጥ ነበር። ዘንድሮ መስቀል፣ አባቴ ከሄደ በኋላ፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ጎረቤት ወጥቶ ሁለታችን ብቻችንን ስንቀር ያዝኳት። ያን ስም ካልነገርሽኝ አንጋጫን አልረግጥም አልኳት። መጀመሪያ እናትሽን እንዲህ ትያታለሽ ብላ ተቆጣች። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ሙሽራ ይመስል፣ «ክሌማንስ» አለችኝ።

ምን አልሽ አልኳት። ደገመችው። እንደዚያ ወታደር አድርጋ ነው የጠራችው፤ መጨረሻውን በአፍንጫዋ።

ሕፃን ሳለች እናትና አባቷ በበሽታ አልቀው የፈረንሳይ አባቶች ሚሲዮናቸው ውስጥ አሳድገዋት ኖሯል። ያጠመቋትና ክሌማንስ ያሏት እነርሱ ናቸው። ጣልያን ሲገባ እነርሱ ተባረሩ፣ እርሷ ወደ ዘመዶቿ ተመለሰች፣ ቆይቶም አባቴን አገባች። አባቴ ወንጌላዊ ነበር፤ የቄሶቹ ስም በቤቴ እንዳይጠራ አለ፣ ትርጉምም የለው ብሎ ነገራት። ትርጉም የሌለው ስም እንደ ተሰጣት አምና ልጆች ወለደች። አንተ እኔን ካጨኸኝ በኋላ ልትጠይቀን ስትመጣ፣ ፈረንሳይኛ እንደምታውቅ ስለሰማች፣ አባቴ ከብቶቹን ሊያይ የወጣበትን ጊዜ ጠብቃ በሹክሹክታ ጠየቀችህ። አንተም ምሕረት ማለት ነው አልካት። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ተደስታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ለማንም እንዳትናገር፣ ለልጄም ቢሆን፣ ብላ አስማለችህ።

«ያን ቀን ሰውዬው ግድግዳው ላይ ስሜን ሲጮህ ልቤ ቆመ» አለችኝ እናቴ። «ከተቀበረ የኖረ ስሜን ነጭ ሰው ይጣራል። ባልሽ ወደኔ አየ። ያን ስም በአፉ ቢያወጣ ያማቱን ስም በአደባባይ መጥራቱ ነው። አንቺ ያስተማርሽውን ነው ያደረገው፤ ዘሎ ትርጉሙን አስገባ። የሰሜን ሰው ነው፣ ማን ያስገድደዋል? አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ባሊሻ ያዘልኝ።»

የትርጉም ነገር ነው ያልከው ለካ እውነትህን ነበር።

አሁን ደስ አለሽ ትለኛለህ? ተናደድኩ እንጂ! ሁለታችሁም ጉድ ሠራችሁኝ። አንዱ የገዛ እናቴ፣ አንዱ የገዛ ባሌ፣ እፊቴ ቁጭ ብላችሁ ስም ትደባበቃላችሁ፣ እኔ በመካከል የሌለች ሴት ፀጉር እነጫለሁ። መሐላ መሐላ ነው፣ አይፈረስም፣ እሺ። ግን ሳኮርፍህ «ያሰብሽው አይደለም» ማለትም መሐላ ያፈርሳል? እናቴ ላይ ጮኬባታለሁ። እርሷም አንቺስ ለምን ልጅሽን በስሟ እንደማትጠሪ ትነግሪን ነበር አለችኝና አፌን ዘጋችው። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። በዚህኛው ለቅሶ ማንም ተነስቶ እጅ አልነሳም።

ከአንጋጫ ስመለስ መኪናው ውስጥ ሁሉን ደግሜ መረመርኩ። ወታደሩ ሲጣራ ዘንግህ አየር ላይ የቀረው፣ ወደ ሰዉ ያየኸው፤ ወደ ሰዉ አልነበረም፣ ከአገረ ገዥው ኋላ ወደ ተቀመጠችው ነው። ልጃችን ስትወለድ ናት ያልከው፣ እናቴ ያለቀሰችው። ሁሉም በቦታው ገባ። ምስጢሩ በየቀኑ በቤታችን ሲጠራ ኖሯል፤ ጆሮዬን የደፈንኩት እኔ ነኝ፣ ያስደፈናችሁኝ ግን እናንተ ናችሁ።

ሆሳዕና ስደርስ ጀምበር ገና አልጠለቀችም። ልጅህ ከጎረቤት ልጆች ጋር አጥሩ ሥር ትጫወት ነበር። ዕቃዬን ሳላስቀምጥ በሩ ላይ ቆምኩና «ምሕረት!» ብዬ ተጣራሁ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ቀና አለች፣ ጓደኞቿን አየች፣ ኋላዋንም አየች። ከዚያ ቀስ እያለች መጣች፤ እጆቿን ኋላዋ ደብቃ፣ ዓይኗ መሬት መሬት እያየ «እማዬ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

ስሟን ከኔ አፍ ሰምታው ስለማታውቅ ጥፋት መሰላት። ምንም አላጠፋሽም፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም እያልኩ አቅፌያት ቆየሁ፤ እርሷም አላመነችኝም። የኔው ልጅ ናት።

እንግዲህ የማስታውስህ እንዲህ ነው። ስምህን አልጠራም። ለአባትህ የያዝኩትን ላንተም ይዤዋለሁ፤ ስምህ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ሲያጋጥመኝ ቆም እላለሁ፣ ሌላ እፈልግለታለሁ። የሚያመጣልኝ ስለሌለ አንዳንዴ ይቸግረኛል። ሰው ቃል ጠፋባት ይለኛል፤ እኔ በዚያች ቅጽበት አንተን እየዞርኩህ ነው። አገሩ ሁሉ ስምህን ቢረሳው እንኳ እኔ በዘለልኩት ቁጥር ያለህበትን አውቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። እናቴ ለስሟ አለቀሰች፣ ይሁን። አንተ ለምን አለቀስክ? እንዲያ አድርጎ የሚያስለቅስ የትርጉም ነገር አላውቅም። ይህን አልተውኩትም፤ ስንገናኝ እጠይቅሃለሁ፣ ጆሮህንም አያለሁ።

እስከዚያው ማታ ማታ፣ ሳይመሽ፣ በሩ ላይ ቆሜ ምሕረት እያልኩ እጣራለሁ። እርሷ ከአጥሩ ሥር አቤት ትላለች። አልፎ አልፎ ሌላም ድምፅ አብሯት አቤት ያለ ይመስለኛል። ታውቀኛለህ፣ ሁለት ጊዜ ሳልመረምር አላምንም፤ ስለዚህ ደግሜ እጠራለሁ።

የምሕረት እናት